ከመርጨታችን በፊት እንወቅ፦ በደጃችን የተገኘችውን ንግሥት ጉንዳን ስለ መለየት

(አዳማ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ።)



በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 3 ላይ «ስለ ጉንዳን» የሚል ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ከበር ጀምሮ ስትስቁ ሰምተናል። «መዋጮው አልበቃ ብሎ ደግሞ ጉንዳን መጣብን» ያላችሁም አላችሁ። መሳቃችሁ አይከፋም። ይሁን እንጂ አጀንዳው ለጨዋታ የተያዘ አይደለም። ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ 4,800 ብር አጥፍቷል። የአንዲት አባላችን ሦስት ዶሮዎች ሞተዋል። የዕቃ ቤታችን መደርደሪያ በለቅሶ ቀን ተደርምሶ ስኒና ሰሃን አልቋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነቱን የነገረንን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሳፍረን መልሰናል። ይህ ሁሉ የደረሰው አንዲት ትንሽ ፍጥረት ምን እንደ ሆነች ሳናጣራ በመቸኮላችን ነው።

እኛ ጸሐፊው ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ እዚህ የቆምነው እንደ አዋቂ ልናስተምር አይደለም። ተሳስተን የተማርነውን ለእናንተ ለማካፈል ነው። ያስተማሩንም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያ ልጅ ሲሆን ሌላው በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምሩ አንድ አባላችን ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ እንዳለች ከዕቃ ቤታችን ግድግዳ ሥር ካለው ስንጥቅ ክንፍ ያላቸው ጥቋቁር ነገሮች ይግተለተሉ ጀመር። ግማሾቹ በግድግዳው ላይ ይወጣሉ፣ ግማሾቹ ወደ ሰማይ ይበራሉ። «ምስጥ ነው! አሸን ፈላ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ምስጥ ሲባል ደግሞ በዚህ ሰፈር የማይደነግጥ ማን አለ? ቤታችን እንጨትና ጭቃ ነው። ምስጥ ምሰሶውን ከውስጥ ቦርቡሮ ሲጨርስ ከላይ ቀለሙ እንኳ አይነካም።

ከኮሚቴው የነበርነው ሦስት ነን። ቃለ ጉባኤ ሳንይዝ፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ እዚያው ቆመን ወሰንን። በማግስቱ መርጫ ያለው ሰው አመጣን። ሰውየው ያዘዝነውን አደረገ፤ ግድግዳውን፣ መሠረቱንና ግቢውን አረጠበው። ነዋሪው ዶሮውን እንዲዘጋ ማስታወቂያ አልለጠፍንም። ይህ የሰውየው ሳይሆን የእኛው ጥፋት ነው። ዶሮዎቹ የሞቱትን ነፍሳት ሲለቅሙ ዋሉ። በነጋታው ሦስቱ ሞተው ተገኙ፤ ከሦስቱም አንዷ እንቁላል የጀመረች ቄብ ነበረች።

ያ ልጅ የመጣው መርጨቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በአንድ እጁ የክብሪት ቀፎ፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ይዟል። «ይሄ እኮ ምስጥ አይደለም፣ ጉንዳን ነው። ወገቡን እዩት» አለን። እኛም «አንተ ልጅ፣ ሂድና ትምህርትህን አጥና» ብለን መለስነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የክብሪቱን ቀፎ ግን አልጣለውም።

በሐምሌ ወር አንድ አባላችን አረፉ። ድስትና ሰሃን ለማውጣት ዕቃ ቤት ስንገባ መደርደሪያው ከነዕቃው ተደርምሶ እግራችን ሥር ወደቀ። እንጨቱን ስናነሳው እንደ ወረቀት ቀለለን። ውስጡ ባዶ ነበር። ከጆንያዎቹ ጀርባ በግድግዳው ላይ ጣት የሚያካክሉ የጭቃ መተላለፊያዎች ተጋድመው አገኘን። ምስጡ ያለው እዚያ ኖሯል! በውጭ በኩል መርዝ ስንረጭ እርሱ በውስጥ በኩል ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ልጁን አስጠራነው። የክብሪት ቀፎውን ይዞ መጣ። መምህሩ በማጉያ መነጽር ተመልክተው «ልጁ ልክ ነው፣ ይህ ጉንዳን ነው» አሉን። አክለውም አንድ ነገር ነገሩን። የምስጥ ዋነኛ ጠላት ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ጉንዳን ነው። ምስጥን አድኖ በመብላት የጉንዳንን ያህል የሚጎዳው ፍጥረት የለም። እንግዲህ እኛ በ4,800 ብር የጠላታችንን ጠላት ፈጀን ማለት ነው።

ምስጥ ነው ወይስ ጉንዳን?

ምስጥና ጉንዳን ሁለቱም ብዙ ሆነው ስለሚኖሩና ዝናብ ሲመጣ ክንፍ አውጥተው ስለሚበሩ ይመሳሰሉብናል። ዘራቸው ግን የተለያየ ነው። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ሲሆን ምስጥ የበረሮ ዘመድ ነው። ለመለየት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል።

አንደኛ፣ ወገቡን እዩ። ጉንዳን በደረቱና በሆዱ መካከል በክር የታሰረ የሚመስል ቀጭን ወገብ አለው። ምስጥ ወገብ የለውም፤ ከደረቱ እስከ ሆዱ አንድ ወጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ከራሱ ላይ የወጡትን ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች እዩ። መምህሩ አንቴና ይሏቸዋል። የጉንዳን አንቴና እንደ ሰው ክንድ ክርን አለው፣ ይታጠፋል። የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለ ሆኖ በክር የተሰካ ትንንሽ ዶቃ ይመስላል። የወንድ ጉንዳን ክርን ብዙ ስለማይታይ በአንቴናው ብቻ አትፍረዱ፤ ወገቡንም ጨምራችሁ እዩ።

ሦስተኛ፣ ክንፉን እዩ። ሁለቱም አራት አራት ክንፍ አላቸው። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ከገላውም በጣም ይረዝማሉ። የጉንዳን ግን የፊቶቹ ረጅም፣ የኋላዎቹ አጭር ናቸው። በመስኮት ሥር ወይም በአምፖል ሥር የረገፈ ክንፍ ክምር ብታገኙ አንሥታችሁ አስተያዩት። ሁሉም እኩል ከሆነ ምስጥ ነውና ቤታችሁን መርምሩ።

ንግሥት መሆኗ በምን ይታወቃል?

አባቶቻችን የንቦችን አለቃ «አውራ» ይሏታል። አውራ ሲባል ወንድ ትመስላለች፤ ነገር ግን እናት ናት። የጉንዳንም እንዲሁ ነው። ንግሥት እንላታለን እንጂ አትገዛም፣ አታዝም። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። በጉንዳን ቤት የምናየው ሠራተኛ ሁሉ ሴት ሲሆን ልጇ ነው። ወንዶቹ ክንፍ ኖሯቸው ለጋብቻ በረራ ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ንግሥቲቱ ግን ከበረራው ተመልሳ ክንፏን ራሷ ትጥላለች፣ ጉድጓድ ትፈልጋለች፣ በዚያች ዕለት የተቀበለችውን ዘር በሆዷ አስቀምጣ ዕድሜ ልኳን ትወልድበታለች። በምስጥ ዘንድ ደግሞ ንጉሡ አይሞትም፤ ከንግሥቲቱ ጋር አብሮ ይኖራል።

ስለዚህ ዝናብ ባባራ ማግስት በደጃፋችሁ ብቻዋን የምትሮጥ ትልቅ ጉንዳን ብታገኙ እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

ደረቷ። የንግሥት ደረት ወፍራም ነው፣ ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ የክንፍ ጡንቻ የነበረበት ስለሆነ ነው። የሠራተኛ ደረት ቀጭን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ዘር ራሷ እጅግ ትልቅ የሆነ ወታደር መሰል ሠራተኛ አለች፤ ጀማሪ ያገኛትና «ንግሥት አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ደረቷ ግን ቀጭን ነው። ራሷን ትታችሁ ደረቷን እዩ።

የክንፏ ጠባሳ። ክንፏን የጣለች ንግሥት በደረቷ ግራና ቀኝ ክንፉ የተነቀለበት ትንሽ ምልክት ይቀራል። በማጉያ መነጽር በደንብ ይታያል።

ሆዷ። ከሠራተኞቹ ይልቅ ተለቅ ያለ ነው።

ክንፍ ያለው ሁሉ ንግሥት አይደለም። ወንዱ ራሱ ትንሽ፣ ዓይኑ ግን ትልቅ፣ ገላው ቀጠን ያለ ነው። ብዙውን ጊዜ ከንግሥቲቱ ያንሳል።

ልጆች ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ሁለት እንግዶችም አሉ። አንደኛው ክንፍ የሌላት፣ ጠጉራም፣ ቀይ ወይም ነጭ ጌጥ ያለባት፣ ጉንዳን መስላ በመሬት የምትሮጥ የተርብ ዘር ናት። ክፉኛ ትነድፋለች፣ በእጅ አትንኳት። ሁለተኛው ማታ ወደ አምፖል የሚመጣ፣ ቡናማ፣ ሆዱ ረዝሞ ቋሊማ የመሰለ በራሪ ነው። ተርብ ይመስላል፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲሸሹት አይተናል። እርሱ በሰልፍ የሚሄደው የነካሹ ጉንዳን ወንድ ነው፤ መንደፊያ የለውም። የዚያ ዘር ንግሥት ደግሞ ከመጀመሪያውም ክንፍ የላትም፣ ከሠራዊቷም አትለይም። ስለዚህ በደጃፍ ብቻዋን አትገኝም፤ ማንም ልጅ እርሷን ፍለጋ የዚያን ጉንዳን ጉድጓድ እንዳይቆፍር።

የትኛው ዘር ናት?

በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የጉንዳን ዓይነቶች ከ13,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጀማሪ በአንድ እይታ «ይህች እከሌ ናት» ብሎ ሊምል አይገባውም። መምህሩም ሳይምሉ ነው የነገሩን። ነገር ግን ወገኗን ለማወቅ መንገድ አለ።

በመጀመሪያ በቀጭኑ ወገቧ ላይ ያሉትን ጉጦች ቁጠሩ። አንድ ጉጥ ያላቸው ወገኖች አሉ፣ ሁለት ጉጥ ያላቸውም አሉ። ይህ ብቻ ግማሹን ሥራ ያቃልላል። ቀጥሎ ርዝመቷን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ቀለሟን፣ የእግሯን ቀለም፣ ጠጉር ያላት መሆኗን ጻፉ። በመጨረሻም የተገኘችበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዝናቡ ከመቼ በኋላ እንደ ሆነ መዝግቡ። የጉንዳን ዘሮች ለበረራ የሚወጡበት ጊዜ ይለያያል፤ አንዱ ቀን ይወጣል፣ አንዱ ማታ። ስለዚህ ሰዓቱ ራሱ ምስክር ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ሳንነግረው በደብተሩ ጽፎት አገኘን። «ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በበረንዳው አምፖል ሥር፣ ክንፍ የላትም፣ 1 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ ቡናማ፣ እግሯ ነጣ ያለ፣ አንድ ጉጥ» ይላል። እኛ የ4,800 ብር ወጪ ያለ ቃለ ጉባኤ ስናወጣ አንድ ተማሪ ለአንዲት ጉንዳን ቃለ ጉባኤ ይዞ ነበር። ይህን ስናይ አፍረናል።

መምህሩ ከዚህ ተነሥተው ካምፖኖተስ ከሚባለው ወገን ሳትሆን አትቀርም አሉ። ይህ ወገን በአገራችን በብዛት የሚገኝ ነው፤ ማታ ማታ በጓዳ ስኳር ፍለጋ የሚመጡት ተለቅ ተለቅ ያሉት ከእርሱ ናቸው። ግን ለማረጋገጥ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ መጠበቅ ይሻላል ብለው መከሩ። ንግሥት ብቻዋን ሆና ከምትነግረው ይልቅ ልጆቿ ጨምረው ብዙ ይነግራሉና። ከዕቃ ቤቱ ሥር የወጡት ጥቋቁሮቹ ደግሞ ሁለት ጉጥ ያላቸው የሌላ ወገን ነበሩ። ሁለቱም ምስጥ አይደሉም።

እንዴት ትቀመጣለች?

ይህን የምንነግራችሁ ከዚያ ወዲህ ሌሎች አምስት ስድስት ልጆችም ንግሥት ፍለጋ ስለ ወጡና እናቶችም ስለ ጠየቁን ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ጠበብ ያለ የመስታወት ወይም ውስጡን የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦና ንጹሕ ጥጥ ይበቃል። ቱቦው ከጤና ጣቢያ ቆሻሻ የተለቀመ እንዳይሆን! አዲስ ከመድኃኒት ቤት ይገዛ፣ ወይም ከትምህርት ቤት ይጠየቅ። የቱቦውን ሢሶ ያህል ውኃ ሙሉ። ጥጥ ውኃው እስኪነካው ድረስ ግፉት፤ ጥጡ ይርጠብ እንጂ ውኃው አልፎ እንዳይፈስ ይጥበቅ። ንግሥቲቱን አስገቡ። አፉን በደረቅ ጥጥ አየር በሚያስገባ ሁኔታ ዝጉ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨለማና ጸጥ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡ፤ የአዳማ ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ትቀቅላታለች።

ምን ትበላለች? አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ይህ ነገር እኛንም ገርሞናል። ደረተ ወፍራሟ ንግሥት ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን የክንፍ ጡንቻ በገላዋ ውስጥ አቅልጣ ራሷንም የመጀመሪያ ልጆቿንም የምትመግበው በእርሱ ነው። ክንፏን ስንቅ አደረገችው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ራባት» ብላችሁ እንጀራ አትጨምሩባት፤ ሻግቶ ይገድላታል። ደረታቸው ቀጠን ያለ፣ ራሳቸው እየወጡ የሚያድኑ የሌላ ወገን ንግሥቶች ግን አሉ። ለእነዚያ አልፎ አልፎ የዝንብ ቁራጭ ይሰጣል።

ዋናው ሥራ አለመነካካት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እዩ። ቱቦውን የምታንቀጠቅጡ፣ ጓደኛ በመጣ ቁጥር የምትከፍቱ ከሆነ ተጨንቃ እንቁላሏን ትበላለች። እንቁላሉ እጭ ይሆናል፣ እጩ አድጎ በብዙው ካምፖኖተስ ዘንድ የስንዴ ፍሬ በመሰለ ከረጢት ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሠራተኛዋ ትወጣለች። የልጁ ንግሥት የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ያሳየችው በሰባተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከሌሎቹ ያነሱ ደቃቃዎች ናቸው፤ እናታቸው ከገላዋ ቆርሳ ያሳደገቻቸው ስለሆኑ ነው። እነርሱ ከወጡ በኋላ የስኳር ውኃ ጠብታና የትንኝ ወይም የዝንብ ቁራጭ ይሰጣቸዋል። መርዝ በተረጨበት ቤት የሞተ ዝንብ ግን አይሰጥም። የዶሮዎቹን ነገር አንርሳ።

አንዳንድ ጊዜ ወራት አልፈው ሠራተኛ አይወጣም። ንግሥቲቱ ክንፏን ብትጥልም ሳትዳቀል ቀርታ ሊሆን ይችላል። ያልተዳቀለች ንግሥት እንቁላል ብትጥልም የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ወንድ ጉንዳን ደግሞ ቤት አይሠራም። ልጆች እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አታድርጉ።

ለእናቶች መልስ

«ቤቴን ጉንዳን ሊወርሰው ነው» ላሉን እናቶች እንዲህ እንላለን። በዚህ ወገን እንቁላል ጥላ ቤት የምታቆመው ንግሥቲቱ ናት። ሁለት ሦስት ሠራተኞች ቢያመልጡ ሌላ ቤት አይመሠርቱም። በመጀመሪያው ዓመት ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። ሲበዙ ወደ ሣጥን ይዛወራሉ፤ የሣጥኑ አፍ ዙሪያውን ቫዝሊን ከተቀባ በቀላሉ አይወጡም። እንጨት በመብላት ቤት የሚጥለውም ጉንዳን ሳይሆን ምስጥ ነው።

ነገር ግን ልጆች ይህን ነገር የጀመሩት ለአንድ ሳምንት ጨዋታ ከሆነ ይቅርባቸው። የእንግሊዙ ጆን ላቦክ በ19ኛው መቶ ዓመት በመስታወት መካከል ያስቀመጧት አንዲት ንግሥት 15 ዓመት ገደማ ኖራለች። በኋላም አንዲት ንግሥት ከ28 ዓመት በላይ መኖሯ ተመዝግቧል። ከበግም ከውሻም የሚበልጥ ዕድሜ ነው። ልጁን ይህን ስንነግረው «እኔ እስካገባ ትኖራለች ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። እናቱ «እንግዲህ ሚስትህ ትቀበላት» አሉ። ስብሰባው ይህን በሣቅ ይቀበለው።

የሰለቸው ልጅ ንግሥቲቱን ባገኘበት ቦታ ይመልሳት። በምንም ምክንያት ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ጉንዳን በሰፈራችን አይለቀቅ፣ የእኛም ወደ ሌላ አይወሰድ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የሚባል ትንሽ ጉንዳን በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ደኖችና በዙሪያቸው እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ አንድ ሠራዊት ሆኖ እንደተገኘ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተገልጿል። በአገሩ እንዲህ የሆነ በሰው ዕቃ ተጭኖ ሌላ አገር ቢገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ንግሥት ፍለጋም የጉንዳን ቤት መቆፈር አይፈቀድም። እናቲቱን የነጠቃችሁት ቤት ጠፋ ማለት ነው። በዝናብ ማግስት መንገድ ላይ የምትገኘው ትበቃለች፤ እርሷንማ ያለዚያ ዶሮና ወፍ ይለቅማታል።

ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው

ከዚህ በላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ ኮሚቴው የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርቧል።

1ኛ. ከእንግዲህ በማኅበሩ ገንዘብ ማንኛውም መርዝ ከመረጨቱ በፊት ነፍሳቱ በክብሪት ቀፎ ተይዞ ምንነቱ ይጣራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሲወሰንም ከሦስት ቀን በፊት በዚህ ሰሌዳ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ዶሮና ሕፃናት ይጠበቃሉ።

2ኛ. ለሦስቱ ዶሮዎች ባለቤት ካሣ ይከፈላል። ይህም ከማኅበሩ ሣጥን ሳይሆን በዚያን ቀን ቆመን ከወሰንነው ከሦስታችን ኪስ ይሆናል። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

3ኛ. የዕቃ ቤቱ መደርደሪያ በብረት ይሠራል። እስከዚያ ድረስ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮቹ በድንጋይ ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ ግድግዳ አይነኩም።

4ኛ. እያንዳንዱ አባል ቤቱን ይመርምር። ምሰሶውን አንኳኩት፤ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጠርጥሩ። በግድግዳና በመሠረት ላይ የጭቃ መተላለፊያ ካለ አፍርሱትና በማግስቱ እዩት፤ ተመልሶ ከተሠራ ምስጡ አሁንም አለ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧና ጣራ አስጠግኑ፤ ምስጥ እርጥበት ይወዳል። ማገዶና ያረጀ እንጨት ከግድግዳ አርቃችሁ ቁለሉ።

5ኛ. የሰፈራችን ልጆች ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያገኙትን ይዘው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይምጡ። መምህሩ ሊያዩላቸው ፈቃደኛ ሆነዋል። ለዚህ የሚሆን አንድ ማጉያ መነጽር እንዲገዛ እንጠይቃለን፤ ዋጋው ከአንድ ቀን መርዝ እጅግ ያነሰ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ቀርቶናል። ያ ልጅ ዛሬ ከእናቱ ጋር ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ልጅ፣ በግንቦት ወር እውነቱን ይዘህ መጥተህ «ሂድ አጥና» ብለን መለስንህ። አንተ አጥንተህ ነበር፤ ያላጠናነው እኛ ነን። በማኅበሩ ስም ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ወላጆችም ሆናችሁ ሽማግሌዎች፣ ነገ ደግሞ አንድ ልጅ በእጁ አንዳች ነገር ይዞ «ይህን እዩልኝ» ሲላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩለት። ምናልባት የቤታችሁን ምሰሶ የሚያድን ነገር ይዞ ይሆናል።

ውሳኔዎቹን ከማጽደቃችን በፊት ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ